ልብስ ሰፊዋ ሆዮ ሮዳ

ሰህራ የደወለችልኝ ረፋድ ላይ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ገና አልበረታም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ሰህራ የአማቴ የሮዳ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሀርጌሳ ነው የምትኖረው። ስልክ ስትደውል ከሰላምታ በፊት ወሬ የምትጀምር ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን "ፈቲያ" ብላ ስሜን ብቻ ጠራች። ወዲያው ገባኝ።

"መቼ?" አልኳት።

"ሱብሂን ሰግዳ ጋደም እንዳለች። ሳትጨነቅ ነው የሄደችው፣ አልሐምዱሊላህ። ከዙህር ሶላት በኋላ እንቀብራታለን። አንቺ አትደርሺም።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩ።

የእኛ ቀብር መንገደኛ አይጠብቅም። ከድሬዳዋ ሀርጌሳ ደግሞ መኪናው ቢቀና እንኳ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ሮዳን ሳልሸኛት ቀረሁ። ሊያጽናኑኝ የመጡት ጎረቤቶቼ አያውቋትም ነበርና "እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?" አሉኝ። ለቅሶው እስኪያልቅ ስለ እሷ ሳወራ ሰነበትኩ። አውርቼ ግን አልወጣልኝም።

ሮዳ የመጀመሪያው ባሌ የዩሱፍ እናት ናት። ዩሱፍን ያገኘሁት ጅቡቲ ነው፤ እኔ አክስቴ ዘንድ ሱቅ እሠራ ነበር፣ እሱ ከሀርጌሳ ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ተጋብተን ሀርጌሳ ስገባ ሶማሊኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። አማት ደግሞ የትም አገር አማት ናት ብዬ ልቤ ይመታ ነበር።

በሩን የከፈተችልን በአፏ መርፌ ነክሳ፣ በአንገቷ ላይ የልኬት ሜትር አንጠልጥላ ነው። ሰላም አላለችኝም። ትከሻዬን ተራ በተራ አየች። መርፌዎቹን ከአፏ አወጣችና በአማርኛ፣ እንዴት ያለ አማርኛ፣ "ግራ ትከሻህ ዝቅ ይላል። ውሃ ትሸከም ነበር እንዴ? ግባ ልጄ፣ ግባ!" አለችኝ። ወደ ልጇ ዞረችና ደግሞ "አንቺ ምን ቆመሻል? ሻንጣውን አስገቢ!" አለችው።

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ዩሱፍ ደነገጠ። እሷ ግን ከእኔ ብሳ ሳቀች። "ምን አጠፋሁ?"

ለካስ አባቷ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ልጅነቷን እዚያ አሳልፋለች። አማርኛዋን ይዛ ስትመለስ የወንድና የሴቱን ነገር ግን መንገድ ላይ ጥላዋለች፤ ሴቱን "አንተ"፣ ወንዱን "አንቺ" ነበር የምትለው። ለዓመታት አርሜያታለሁ። አንድ ቀን ሰልችቷት እንዲህ አለችኝ፦ "የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ በቀኝ ነው፣ የሴት በግራ ነው፤ አይቼ አውቃለሁ። የእናንተ አማርኛ ቁልፉ በየት በኩል እንደሆነ አይታይም።" ከዚያ ወዲህ ተውኳት። በሶማሊኛ ሁሉም "ሆዮ ሮዳ" ይሏታል፣ እናቴ ሮዳ ማለት ነው። እኔም እንደዚያው እላታለሁ። ሁለታችን ስንሆን የምናወራው ግን እስከ መጨረሻው በአማርኛ ነበር።

ዋሄን ገበያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። በእግር የሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ሙሉ ቁመት መስታወት፤ የቀረው ጨርቅ ነው። ሥራዋ የሴት ልብስ ነበር፤ በተለይ እኛ ሽቲ የምንለውን ስስ ረጅም ቀሚስ። ያንኑ ልብስ ሁለት ጊዜ ሰፍታ አታውቅም። ሠርግ ያለባት ሴት ስትመጣ ልኳን ከመውሰዷ በፊት "የት ነው የምትቀመጪው? ፀሐይ ያገኝሻል? ከማን አጠገብ ነሽ?" ብላ ትጠይቃለች። ከከተማው ዳር ያሉት መንታ ኮረብቶች ማታ ማታ የሚለብሱትን ቀለም አይታ፣ ያንን የሚመስል ጨርቅ ስትፈልግ ወር ሙሉ ትከርማለች። መኪናዋን እየረገጠች ስለ ባለ ልብሷ ግጥም ትገጥማለች፤ ልብሳቸው ካለቀ በኋላም የራሳቸውን ግጥም ለመስማት ብቻ ሱቁ ደጃፍ የሚቀመጡ ሴቶች ነበሩ።

አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ለወንድሟ ሠርግ ልብስ ልታሰፋ መጣች። ሮዳ "ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ?" ስትላት ሴትዮዋ ፈገግ ብላ "ለእኔ ምን ልዩነት አለው? ሰው የማይስቅበት ይሁን" አለቻት። ሮዳ ልኳን ወስዳ ሸኘቻት። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግን ጨርቆቿን ሁሉ አወረደች፤ ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ትዳስሳቸው ጀመር። በመጨረሻ የሰፋችው ቀሚስ ከላይ እስከ ታች በረድፍ በረድፍ የተቀጠለ ነበር፤ ሳቲን፣ ከዚያ ከፋይ፣ ከዚያ ሐር፣ ከዚያ የተጠላለፈ ጥልፍ። በሠርጉ ቀን ያቺ ሴት እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ "አሁን ከፋዩ ላይ ነኝ፤ እዚህ ደግሞ ሐሩ ይጀምራል" እያለች ልብሷን ስታስጎበኝ ዋለች። ሮዳ ከሩቅ አይታት እንባዋን በሻርፗ ጠረገች።

እኔን ስፌት ልታስተምረኝ ብዙ ደክማለች። መጀመሪያ ላይ ውድ ጨርቅ በመቀስ አበላሽቼ ማልቀስ ስጀምር መጥታ ሜትሩን በእጄ አስያዘችኝ። "መጀመሪያ ለካ፤ ከዚያ አልቅስ" አለችኝ። "ምናልባት ለእጅጌ ይበቃ ይሆናል። ሳይለኩ ማልቀስ ጨርቅ ማባከን ነው።" በእርግጥም ለእጅጌ በቃ።

ልጃችን ሃምዳ ከተወለደች በኋላ ከተማው እየጨለመ ሄደ። የመንግሥት ወታደሮች ሰዎችን ያስሩ ጀመር። ዩሱፍን የወሰዱት ከጋራዥ ነው። መኪናው ሥር ተኝቶ ሲሠራ ወታደሮች መጥተው "ለአጭር ጥያቄ ነው" አሉት። ወሬውን ያመጣልን ረዳቱ ነበር። እኔ ጮኼ መሬት ላይ ወደቅሁ። ሮዳ እጄን ይዛ አነሳችኝ።

"መጀመሪያ ለካ" አለችኝ። "የት እንዳለ እንወቅ። ከዚያ አልቅስ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየእስር ቤቱ ደጃፍ ዞረች። በመጨረሻ አንድ ዘበኛ ለዩሱፍ የያዘችውን ምሳ ዕቃ ተቀበላት። በማግስቱ ባዶውን መለሰላት። ይሄኔ ዩሱፍ እዚያ እንዳለ፣ በሕይወት እንዳለ አመንን። ለወራት ሩዝና ሥጋ እየሠራን ሰደድን፤ ዕቃው ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል። በኋላ፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ፣ "ምናልባት ዘበኞቹ ይሆናሉ የበሉት" አልኳት። "ማንም ይብላው። ተርቦ ነው የበላው" አለች።

የአማፅያኑና የመንግሥት ጦርነት ከተማው ውስጥ ሲገባ የእስር ቤቱ መንገድ ተዘጋ፤ ከሁሉም የከፋብን ግን ሰማዩ ነው። የገዛ መንግሥታችን አውሮፕላኖች የሚነሱት ከዚያው ከከተማው ዳር ካለው አየር ማረፊያ ነበር። ሲነሱ ድምፃቸውን እንሰማለን፤ ሻይ ተቀድቶ ሳይበርድ ተመልሰው እኛው ላይ ቦምብ ይጥላሉ። ሃምዳ አንድ ቀን "አየዮ፣ እነዚህ ሰዎች ቤታቸው እዚህ አይደለም እንዴ?" ብላ አያቷን ጠየቀቻት።

የጎረቤታችን ቤት ሲፈርስ ለመውጣት ወሰነች። የስፌት መኪናዋን ብረት ከእንጨቱ ፈትታ በቅባት በተነከረ ጨርቅ ጠቀለለችና ጓሮ ቀበረችው። መቀሷን፣ መርፌዎቿንና ክሯን በወገቧ ታጠቀች። እሷ፣ ሰህራ፣ እኔና ሃምዳ ከሰፈሩ ሰው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በእግር ተነሳን።

በመንገድ ላይ የሆነውን ዛሬም ሳወራ አፌ ይደርቃል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ቁጥቋጦና ቀይ አፈር። ሴቶቹ እንደለበሱ ነበር የወጡት፤ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ። ግማሹን የሰፋችው ሮዳ ናት። በሁለተኛው ቀን አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ከፊታችን የሄዱት ሰዎች ላይ ተኩሶ አለፈ። ስንደርስ ያየነውን አልናገርም። ሮዳ ግን ከሞቱት መሃል ቆማ ልብሳቸውን ታይ ነበር። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ አየችን፤ በቀይ አፈር ላይ እንደ አበባ የተበተንነውን እኛን።

"ቀለሙ ነው" አለች በሶማሊኛ። "ከላይ የሚያዩት ቀለሙን ነው።"

ዝናብ የተወው ኩሬ አጠገብ ዛፍ ሥር አስቀመጠችን። "እሳት አይነድም፤ ጭስ ያያሉ" አለች። ሴቶቹን የግራር ቅርፊት በድንጋይ አስቀጠቀጠች። ቅርፊቱን ከቀይ ጭቃው ጋር ለወሰች፤ እያንዳንዳችን ልብሳችንን፣ ሻርፓችንን፣ የሕፃናቱን መጠቅለያ ሳይቀር እያወለቅን እንድንነክር አደረገች። ዕድሜዋን ሙሉ ከተማውን ቀለም ስታለብስ የኖረች ሴት፣ በእጇ ቀለሙን ጭቃ ታስጠጣው ነበር። ሐሩን ስትነክር ከንፈሯን ነክሳ አየኋት።

ኡባህ የምትባል የጎረቤት ልጅ ብቻ እምቢ አለች። የለበሰችው ሮዳ የሰፋችላት ቢጫ የሙሽራ ልብስ ነበር። ባሏን በተጋቡ በሳምንቱ ቦምብ ገድሎታል። "ከእሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው" እያለች ጠርዙን ጨብጣ ታለቅሳለች። ሰዎች ተቆጧት። "እኛን ልታስፈጂን ነው?" አሏት። ሮዳ አባረረቻቸውና አጠገቧ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ ይህን ቀለም የለበስሽው ለባልሽ ነበር። እሱ አይቶታል፤ የሱን ድርሻ ወስዷል። አሁን የሚያየው ግን ያ አውሮፕላን ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ለእሱ ትለብሺለታለሽ?"

ኡባህ ልብሱን አወለቀች። ኩሬው ውስጥ የነከረችው ግን ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም።

አውሮፕላኑ በማግስቱ መጣ። "ተኙ!" አለች ሮዳ። አፈር ላይ ተደፋን። ሃምዳን ሥሬ አድርጌ ፊቴን መሬት ውስጥ ቀበርኩ። ድምፁ ከላያችን አለፈ፣ ዞረ፣ እንደገና አለፈ። አብራሪው አላየንም። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ተኩስ ሰማን። ከእኛ ውስጥ "አልሐምዱሊላህ" ያሉ ነበሩ። ሮዳ ግን አፈሩን ከፊቷ እያራገፈች ተኩሱ ወደተሰማበት አየች። "ለእነዚያስ ማን ይንከርላቸው?" አለች። ከዚያ ወዲያ በደረስንበት ሁሉ፣ ያገኘችውን መንገደኛ ሁሉ እያስቆመች ቅርፊትና ጭቃ እንዲለውሱ ታሳያቸው ነበር። ድንበሩ ጋ ስንደርስ በመንገድ ያላገኘናቸው፣ የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ አፈር መስለው አገኘናቸው።

የገባንበት የስደተኞች መጠለያ ከጅጅጋ ወዲያ፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ሜዳ ላይ ነበር። ለዓመታት ኖርንበት። እናቴ ድሬዳዋ ውስጥ መሞቷን የሰማሁትም እዚያ ሆኜ ነው። ያን ጊዜ ሮዳ ፀጉሬን ፈትታ እንደገና ስትሠራልኝ ዋለች።

ልብሶቻችንን አጠብናቸው፤ የቅርፊቱ ቀለም ግን አልለቅ አለ። መጠለያው በሙሉ ቡኒ ለባሽ ሆነ። የመጀመሪያዋ ልጃገረድ ስትታጭ የምትለብሰው ጠፋ። ሮዳ የራሷን ቀሚስ አገላብጣ ስታይ ስፌቱን ተረተረችው። ጭቃው ያልደረሰበት፣ ታጥፎ የተሰፋው ጠርዝ ውስጥ የድሮው ሮዝ ቀለም እንዳለ ነበር። እንዴት እንደጮኸች! "ቀለሞቹ አሉ! ተደብቀው ነው እንጂ አሉ!"

ከእያንዳንዱ ቤት ከልብስ ጠርዝ እየተቆረጠ ቀጫጭን ቁራጭ መጣ። መጀመሪያ ያመጣችው ኡባህ ናት፤ ጣት የማያክል ቢጫ። ሮዳ ከእነዚያ ቁርጥራጮች ሁሉ አንድ የሙሽራ ሽቲ ሰፋች፤ ለወፍራሟም ለቀጭኗም እንዲሆን በጎን በኩል በክር የሚጠብቅና የሚላላ። በዚያ መጠለያ የተዳሩት ልጆች ሁሉ ያንኑ ልብስ ነው የለበሱት። ሙሽራይቱ ስታልፍ ሴቶቹ እልልታውን አቁመው "ያቺ የእኔ ናት! ክንዷ ላይ ያለችው አረንጓዴዋ!" ይባባሉ ነበር።

ጦርነቱ አልቆ ስንመለስ ሀርጌሳ ጣሪያ አልነበራትም። በርና መስኮቱ ሁሉ ተነቅሎ ተወስዷል። ፈንጂ ስለተቀበረ ሰው ወደ ገዛ ግቢው የሚገባው እየፈራ ነው። ጓሮው ከተጣራ በኋላ ሮዳ መኪናዋን የቀበረችበትን ቆፈረች፤ የለም። "ያገኛት ሰው ይስፋባት፤ ዝም ብላ ከምትዝግ" አለችና በመርፌ ብቻ ሥራ ጀመረች።

ዩሱፍ አልተመለሰም። ሞቷል የሚል የለም፣ አይቼዋለሁ የሚልም የለም። እኔ ሚስት አይደለሁ፣ የሞተባትም አይደለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ድሬዳዋ እህቴን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ጀማል የሚባል የሰፈራችን ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት መምህር፣ ሽማግሌ ላከብኝ። "ባል አለኝ" ብዬ መለስኩ። ለሮዳ አልነገርኳትም።

አንድ ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ የወንዙን ዳር ሲያፈርስ አጥንት ወጣ። እጃቸው በሽቦ የታሰረ፣ አንድ ላይ የተቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ልጅ የጠፋበት ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። የተገኘውን የልብስ ቅዳጅ በሸራ ላይ ዘርግተውት እናቶች ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ሮዳ እጄን ይዛ በዝግታ ስትሄድ አንዱ ጋ ቆመች። ቡናማ የቴትሮን ሸሚዝ ነው፤ ግማሹ የለም። የደረት ኪሱ ግን አለ፤ በቀኝ በኩል።

የማንም ሰው ሸሚዝ ኪሱ በግራ ነው። ዩሱፍ ግን ግራኝ ነበር፤ እናቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱን እጁ በሚቀናው በኩል ነበር የምትሰፋለት።

ተንበረከከች። በስንዝሯ ከአንዱ የትከሻ ስፌት እስከ ሌላው ለካች። እንደገና ለካች። ከዚያ ሸሚዙ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከታሰረበት ቀን ጀምሮ ስታለቅስለት ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በእኛ ሕግ ከፈን፣ የሬሳ መጠቅለያው፣ አይሰፋም፤ ይቆረጣል እንጂ። ነጩን ጨርቅ የቆረጠችው ሮዳ ናት። ከለካች በኋላ እጇ ወደ መርፌው ሄዶ ተመለሰ። "ሁሉንም ልብሱን እኔ ሰፋሁለት" አለችኝ። "ይሄኛውን አላህ እንዳልሰፋው ከለከለኝ። ይሁን።"

ሼኩ፣ ዩሱፍ ከሞተ ስለቆየ የሐዘን ጊዜሽ አልፏል አሉኝ። ሮዳ "ለሕጉ አልፏል። ልቡ ግን ገና ዛሬ ሰማ" ብላ ወራት ሙሉ አብራኝ ቤት ተቀመጠች። ወራቱ ሲያልቁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ፣ "ያቺ መምህር አሁንም ድሬዳዋ አለች?" አለችኝ።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። "ማን ነገረሽ?"

"እህትህ። ድሮ ነው የነገረኝ። ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም አንተም እኔም አናውቅም ነበር። አሁን እናውቃለን።"

"ሆዮ፣ እኔ አንቺን ትቼ…"

"ማን ተወኝ አለህ? ባል አግባ ነው ያልኩህ።"

ኒካሕ ሲታሰር ከሀርጌሳ እስከ ድሬዳዋ ከሃምዳ ጋር በሚኒባስ መጣች። ወገቧ ታሟል፤ ግን የለበስኩትን የሰፋችው እሷ ናት። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ክፍል የሙሽራ እናት የምትቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር። ሮዳ ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ ተቀመጠችበት። ከጀማል ወገን የሆኑ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው "እርስዎ የሙሽራይቱ ምን ነዎት?" አሏት።

"እናቱ ነኝ" አለች ሮዳ።

ሲሸኙኝ ወደ በሩ ወጣች። ጀማል ወዲያ ቆሞ ይጠብቀኛል። የአንገቴን ጠርዝ አስተካከለችልኝ፤ አቧራ የሌለበትን ትከሻዬን አራገፈችልኝ። ማልቀስ ስጀምር ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ስማኝ" አለችኝ። "ዩሱፍን አትርሳ አልልህም። እሱን ማስታወስ የእኔ ሥራ ነው፤ እናቱ ነኝ፣ እኔ እበቃለሁ። አንተ ይቺን ያዝ" ብላ ወደ ጀማል ገፋ አደረገችኝ።